ባለቤት በሌለበት አገር እንግዳ መሆን

እንግዳ የሆነ ሰው የቤቱን ሥርዓት ጠብቆ ነው የሚገባው። በር ላይ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል፤ "ግቡ" ሲባል ይገባል፤ ወንበር ሲያሳዩት ይቀመጣል። የጓዳውን መጋረጃ ገልጦ አያይም፤ የልጆቹን መጫወቻ ረግጦ አያልፍም። ይህን ሁሉ የሚጠነቀቀው ግን የቤቱ ባለቤት ፊት ለፊቱ ስላለ ነው። ለመሆኑ ባለቤት በሌለበት ቤት ቢገባስ? "ኧረ ተው" የሚለው ሰው በሌለበትስ እንግዳነቱን አክብሮ ይቆይ ይሆን?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በእውን ያጋጥማቸዋል። እነዚህ ሰዎች በመርከብ ወደ ደቡብ ዋልታ ምድር፣ ወደ አንታርክቲካ የሚጓዙ ጎብኚዎች ናቸው። ጉዞው በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ለአንድ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። የሚያስገርመው ግን ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ተጓዥ የት እንደሚወርድ፣ ምን እንደሚያይ፣ አንዳንዴም መቼ እንደሚመለስ ቁርጥ ያለ ተስፋ አለማግኘቱ ነው። እስቲ ይህን እንግዳ የሆነ ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው አብረን እንከተለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዝብ የሌላት አህጉር

አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላት። አገራችን ኢትዮጵያ 12 ጊዜ ብትዘረጋባት ትበቃታለች ማለት ነው። በዓለም ላይ ካለው በረዶ 90 በመቶ ያህሉ የተከመረው በእርስዋ ላይ ነው። ከተማ የላትም፤ ገበያ የላትም፤ የራስዋ የሆነ ሕዝብም የላትም። በምርምር ጣቢያዎች ተራ በተራ እየመጡ ከሚሠሩ ሳይንቲስቶችና ረዳቶቻቸው በቀር የሚኖርባት የለም።

ሰባት አገሮች ማለትም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ኖርዌይ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ቺሊና አርጀንቲና "ይህኛው ክፍል የእኛ ነው" ይላሉ። ይሁን እንጂ በ1959 ዋሽንግተን ላይ 12 አገሮች የፈረሙት የአንታርክቲካ ስምምነት ይህን ክርክር ባለበት አቁሞታል። ምድሪቱ ለሰላምና ለሳይንስ ብቻ እንድትውል ተወሰነ። በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ደግሞ ማዕድን ማውጣትን ከልክሎ፣ ለእንስሳቱና ለአካባቢው ጥብቅ ጥበቃ አደረገ።

ጎብኚዎችን በአሰሳ ጉዞ መልክ ወደዚያ መውሰድ የጀመረው በስዊድን ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ ነው፤ ጊዜውም 1966 ነበር። በ1991 ሰባት አስጎብኚ ድርጅቶች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ጎብኚው ሊጠብቀው የሚገባውንም ደንብ አወጡ። ያኔ በጥቂት ሺህ ይቆጠሩ የነበሩት ተጓዦች ከ2023 እስከ 2024 በነበረው የጉብኝት ወቅት ከ120 ሺህ በላይ ሆነዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት አንዱ ያህል ከመርከብ ላይ ሆኖ አይቶ የተመለሰ እንጂ መሬቱን የረገጠ አይደለም።

ሁለት መልክ ያለው ባሕር

አብዛኞቹ መርከቦች የሚነሡት በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ከምትገኘው ከኡሽዋያ ከተማ ነው። ጊዜው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ውስጥ ነው፤ በዚያ ወራቱ በጋ ስለሆነ። ከኡሽዋያ ተነሥቶ አንታርክቲካ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል የድሬክን መተላለፊያ ማቋረጥ ያስፈልጋል። በዚህ ኬክሮስ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዓለምን ሲዞር የሚያግደው አንድም የብስ የለም። ስለዚህ ማዕበሉ እንደ ልቡ ያድጋል።

መርከበኞች ለዚህ ባሕር ሁለት ስም አውጥተውለታል። ጸጥ ሲል "የድሬክ ሐይቅ" ይሉታል፤ ሲቆጣ ደግሞ "የድሬክ መንቀጥቀጥ"። የትኛው እንደሚገጥም የሚመርጥ ተሳፋሪ የለም። ሲቆጣ በመመገቢያው አዳራሽ ሳህኖቹ እንዳይንሸራተቱ የጠረጴዛው ልብስ በውኃ ይረጥባል። በመተላለፊያው የእጅ መደገፊያ ላይ ማስመለሻ የወረቀት ከረጢቶች ተሰክተው ይታያሉ። "አንድ እጅ ምንጊዜም ለመርከቡ" የሚለው ትእዛዝ በየሰዓቱ ይደጋገማል፤ መደገፊያውን ሳይዝ የሚራመድ ሰው ይወድቃልና። በአገሩ ብዙ ሰው የሚያዝዝ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ ካልሲ ለማጥለቅ ሲታገል ይገኛል። ባሕር ለማንም ፊት አያዳላም።

ለሕመም የሚሰጠው ግምትም ከሌላው ጉዞ የተለየ ነው። በመርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ትልቅ ሆስፒታል ግን በቀናት ርቀት ላይ ነው። አንድ ተሳፋሪ በጽኑ ቢታመም መርከቡ ዞሮ ሊመለስ፣ ወይም በአውሮፕላን ወደሚነሣበት ደሴት ሊያደርሰው ይችላል። አውሮፕላኑም የሚነሣው አየሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከመሳፈር በፊት የጤና ቅጽ መሙላትና እስከ ሆስፒታል የሚያደርስ የመድን ዋስትና መግዛት ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደካማ ጎኑን ደብቆ የሚሳፈር ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የመቶዎችን ጉዞ ይዞ ይወድቃል።

ጓዳ ሳይሆን ኪስ ሲፈተሽ

ተጓዡ ገና በባሕሩ ላይ ሳለ ያልጠበቀው ፍተሻ ይመጣበታል። የሚፈተሸው የጦር መሣሪያ ወይም ኮንትሮባንድ አይደለም፤ የሣር ዘር ነው። አስጎብኚዎቹ በረድፍ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ጃኬት፣ ቦርሳና ሱሪ ይመለከታሉ። የኪስ ስፌት ውስጥ የገባ ፍሬ፣ በሚጣበቀው ማሰሪያ ላይ የተያዘ ገለባ፣ በጫማ ሥር የቀረ የሌላ አገር ጭቃ አንድ በአንድ በአቧራ መሳቢያ ማሽንና በወረንጦ ይለቀማል። ባዕድ ዘር በዚያ መሬት ከበቀለ የሚነቅለው ገበሬ የለምና። ቦት ጫማዎችም ከመውረድ በፊትና ከወረዱ በኋላ በጀርም ማጥፊያ ይታጠባሉ።

ይህ ጥንቃቄ በቅርብ ዓመታት ይበልጥ ጠብቋል። ብዙ አእዋፍን የሚገድለው የወፍ ጉንፋን በ2023 መጨረሻ ደቡብ ጆርጂያ በምትባለው ደሴት፣ በየካቲት 2024 ደግሞ በራሷ በአንታርክቲካ ምድር ላይ መግባቱ ተረጋገጠ። ስለዚህ ዛሬ የሚወርድ ጎብኚ በበረዶው ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክ ወይም መተኛት አይፈቀድለትም፤ ቦርሳውንም መሬት ላይ አያኖርም። ለፎቶግራፍ ብሎ መንበርከክ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ምድሪቱን የሚነካው የታጠበው የጫማው ሶል ብቻ እንዲሆን ተወስኗል።

መንገዱ የፔንግዊን ነው

ከመርከብ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱት ዞዲያክ የሚባሉ የጎማ ጀልባዎች ናቸው። ተሳፋሪው ሲገባና ሲወጣ የመርከበኛውን መዳፍ ሳይሆን ክንዱን ይጨብጣል፤ መርከበኛውም የእርሱን ክንድ ይይዛል። አንዱ ቢያሟልጨው ሌላው ይይዘዋልና። ከመርከቡ የወጣው እያንዳንዱ ሰው ይመዘገባል። ድሮ በበሩ አጠገብ የተሰቀለውን የራሱን ቁጥር ይገለብጥ ነበር፤ አሁን በብዙ መርከቦች ካርድ ያስነብባል። አንድ ሰው ሳይቆጠር መርከቡ ንቅንቅ አይልም።

ከ500 በላይ ተሳፋሪ የጫነ መርከብ ማንንም አያወርድም። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አይወርድም። ለ20 ጎብኚ ቢያንስ አንድ አስጎብኚ ያስፈልጋል። በባሕር ዳሩ መጸዳጃ የለም፤ ምግብ ይዞ መውረድም ክልክል ነው። ከመውረዱ በፊት ወደ መጸዳጃ መሄዱን ረስቶ አራት ድርብ ልብስ፣ በላዩም የሕይወት አድን ጃኬት የለበሰ ሰው ስሕተቱን የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር በፎቶግራፍ የማይታይ ነው፤ ሽታ ነው። ክሪል የሚባለውን ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የባሕር ፍጡር የሚመገቡት ፔንግዊኖች ኩሳቸው በረዶውን ሮዝ ያደርገዋል፤ ሽታውም ገና ሳይደርሱ በጀልባው ላይ ሳሉ ይቀበላል። ብርዱ ግን ብዙዎች የፈሩትን ያህል አይሆንም። በበጋው በባሕሩ ዳርቻ ሙቀቱ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማለዳ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ነፋስ ሲነሣ ግን ሌላ ነገር ነው።

በበረዶው ላይ እግሮቻቸው ያበጁት ቀጭን መንገድ ይታያል። ፔንግዊኖቹ ከባሕር ወደ ጎጇቸው የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ሰው ሊያቋርጠው ሲል ፔንግዊን ከመጣ ሰው ይቆማል፤ ፔንግዊኑ ያልፋል። አጭር እግር ያለው ወፍ፣ በልቶ የጠገበ ሆዱን ይዞ፣ ለልጁ ምግብ እያደረሰ ነውና። ጎብኚው ከአምስት ሜትር በላይ ወደ ፔንግዊን መቅረብ አይፈቀድለትም። ፔንግዊኑ ግን ደንቡን አልፈረመም። አንዳንዴ ራሱ መጥቶ የሰውየውን ጫማ ይመረምራል። ያኔ ሰውየው ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ባለቤት የሌለበት ቤት የመሰለው ቦታ ባለቤት እንዳለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የነገውን ማን ያውቃል?

በየምሽቱ ተሳፋሪዎቹ በአዳራሹ ይሰበሰቡና የጉዞው መሪ የነገውን ዕቅድ ይነግራቸዋል። ብዙውን ጊዜ አብሮት ሁለተኛ ዕቅድ አለ፤ ሦስተኛም አይጠፋም። ለሜር የሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው። ስንቱ ሰው ያን ለማየት ሲመኝ ኖሮ ካፒቴኑ መግቢያው በበረዶ መዘጋቱን አይቶ መርከቡን ያዞራል! ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም በረዶው አይሰማውም።

በዚሁ አንጻር ያልተጻፈውም ይመጣል። ሰዎች እራት ላይ ሳሉ በድምፅ ማጉያው "ዓሣ ነባሪ በስተቀኝ!" ሲባል ሾርባው በየሳህኑ ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም ይሮጣል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የነቃ ሰው መጋረጃውን ሲገልጥ ቀን ሆኖ ያገኘዋል፤ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ዝቅ ትላለችና። የጀልባው ሞተር ሲጠፋ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ እንደ ተቆላ እህል ሲንጣጣ ይሰማል። ከብዙ ዘመን በፊት በበረዶው ውስጥ የታሸገው አየር እየፈነዳ መውጣቱ ነው። ይህን ማንም አስጎብኚ በመርሐ ግብር ላይ አላሰፈረውም።

የዛገው የባሕር ዳር

ተጓዦች ከሚወርዱባቸው ቦታዎች አንዱ ዲሴፕሽን ደሴት ይባላል፤ ትርጉሙ "ማታለል" ማለት ነው። ከውጪ ሲያዩት ተራ ደሴት ይመስላል፤ በጠባቡ በር ሲገቡ ግን መርከቡ የቆመው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። እሳተ ገሞራው ሞቶ አልቀረም፤ በ1967ና በ1969 ፈንድቶ በዚያ የነበሩትን የምርምር ጣቢያዎች አፍርሷል። በጥቁሩ አሸዋ ዳር ከመሬቱ እንፋሎት ይወጣል።

በዚያ ባሕር ዳር ትላልቅ የዛጉ የብረት ጋኖች ቆመዋል። ከ1912 እስከ 1931 ኖርዌያውያን የዓሣ ነባሪ ቅባት ያቀልጡ የነበረበት ጣቢያ ነው። በደቡቡ ባሕር ሁሉ እንዲህ ባለ ሥራ ዓሣ ነባሪዎች ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ለንግድ ማደን እንዲቆም ዓለም አቀፉ ኮሚሽን የወሰነው ውሳኔ በሥራ ላይ የዋለው በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባው ጎበጥ ያለው ሃምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ በዚያ ባሕር እንደገና በርክቷል። ዛሬ በእራት ሰዓት ሰውን የሚያስሮጠው እርሱ ነው። የዛጉት ጋኖች ሰው በባለቤትነት የገባበትን ዘመን ያሳያሉ፤ የተመለሰው ዓሣ ነባሪ ደግሞ ሰው እጁን ሲሰበስብ የሚሆነውን።

ትንሿ ቀይ መርከብ

እንግዳነትን መርሳት ለእንስሳቱ ብቻ ሳይሆን ለሰውም አደጋ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ተብላ በ1969 የተሠራችው ኤክስፕሎረር የተባለች ቀይ መርከብ በኅዳር 23 ቀን 2007 ሌሊት በደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ በረዶ ነደላት። በላይዋ 154 ሰዎች ነበሩ። በሕይወት አድን ጀልባዎች ገብተው ለሰዓታት በብርድ ሲጠባበቁ ኖርድኖርጌ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ደርሳ አንድም ሰው ሳይጠፋ አነሣቻቸው። በዚያን ቀን ባሕሩ ቁጣውን ባያበርድ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። መርከቧ በዚያው ዕለት ሰጠመች።

መርከቧ የተመዘገበችባት ላይቤሪያ በ2009 ያወጣችው የምርመራ ዘገባ ለልብ የሚነገር ነገር አለው። ካፒቴኑ ልምድ የሌለው ሰው አልነበረም፤ በባልቲክ ባሕር በረዶ ብዙ ሠርቷል። ያ ያጋጠመው በረዶ ግን የለመደው ዓይነት አልነበረም። የአንድ ክረምት ስስ በረዶ ነው ብሎ የገባበት ከየብስ ተገንጥሎ የመጣ እጅግ ጠንካራ በረዶ ነበር። በሌላ ቦታ ያካበትነው ዕውቀት በአዲሱ ቦታ እንድንጠነቀቅ ካላደረገን፣ ካለማወቅ የባሰ ሊጎዳን ይችላል።

ዕቅዱ ጠፍቶ ሰዎቹ ሲተርፉ

በዚህ ምድር ዕቅድ እንደ ፈረሰበት እንደ ኧርነስት ሻክልተን የሚታወስ የለም። አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ የተነሣባት ኢንዱራንስ የተባለች መርከቡ በጥር 1915 በበረዶ ተያዘች፤ በኅዳር ወርም ተጨፍልቃ ሰጠመች። ሃያ ስምንት ሰዎች በበረዶ ላይ ቀሩ። ሻክልተን እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ የግል ዕቃ ብቻ እንዲይዝ አዘዘ፤ ምሳሌ ለመሆንም የራሱን ወርቅ በበረዶው ላይ ጣለ። ንግሥት አሌክሳንድራ ለመርከቧ የሰጡትን መጽሐፍ ቅዱስም እዚያው አኖረው። ከውስጡ ግን መዝሙር 23 ያለበትንና ከመጽሐፈ ኢዮብ ስለ በረዶ የሚናገረውን ገጽ ቀድዶ ያዘ። የቀረውን መጽሐፍ ቶማስ ማክሊዮድ የተባለ መርከበኛ በስውር አንሥቶ አቆየው።

ከዚያ በኋላ የሻክልተን ዕቅድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰዎቹን ወደ ቤታቸው ማድረስ። በሦስት ጀልባዎች ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ከዚያ ከአምስት ሰዎች ጋር በአንዲት ትንሽ ጀልባ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አቋርጦ እርዳታ ፍለጋ ሄደ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ በረዶ መለሰው፤ በአራተኛው፣ ነሐሴ 30 ቀን 1916፣ በሉዊስ ፓርዶ የምትመራው የቺሊ መርከብ የልቾ ደርሳ የቀሩትን 22 ሰዎች በሙሉ በሕይወት አነሣች። አህጉሩን አላቋረጠም፤ በዚያ ጉዞው እግሩ እንኳ አልረገጣትም። ሆኖም ሰው የሚያስታውሰው ያቀደውን ሳይሆን ያላጣቸውን ነው።

ኢንዱራንስ በመጋቢት 2022 ከ3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘች። ያገኟት ሰዎች ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ አንዲት ምስማር እንኳ አልወሰዱም።

ታዲያ መሄድ ይገባል?

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው "ታዲያ ባይሄዱስ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት ከመርከቦችና ከምርምር ጣቢያዎች የሚወጣው ጥላሸት ሰው በሚበዛባቸው የአንታርክቲካ ቦታዎች በረዶውን ፈጥኖ እንዲቀልጥ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ከባዱ የመርከብ ነዳጅ ከ2011 ጀምሮ በዚያ ባሕር ተከልክሏል፤ ጭሱ ግን ጨርሶ አልቀረም። በሌላ በኩል አይቶ የተመለሰ ሰው ለቦታው ጠበቃ ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። ሚዛኑን የሚወስነው ግን የተጓዦቹ ብዛትና ጠባይ ነው። ከጥቂት ሺህ 120 ሺህ ሲደርሱ፣ የእያንዳንዱ ሰው ጨዋነት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። "እስከዚህ ይበቃል" የሚል ገደብ ማበጀት የአገሮቹ ድርሻ ነው።

ለአብዛኞቻችን ይህ ጉዞ ከአቅማችን በላይ ነው፤ በዚህም የጎደለብን ነገር የለም። ሥርዓቱ ግን እስከ ቤታችን ይደርሳል። ልጆቻችንን ይዘን በምንወጣበት ተራራና ወንዝ ዳር ዘበኛ ሳይኖር ምን ትተን እንመለሳለን? ላስቲክና ጠርሙስ ነው ወይስ ምንም?

በአንታርክቲካ ጎብኚው ወደ ጀልባው ከመመለሱ በፊት የሚሠራት አንዲት ትንሽ ሥራ አለች። ሰው በለሰለሰ በረዶ ሲራመድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ ጉድጓድም ይተዋል። ለሰው ይህ ምንም አይደለም። በዚያ የሚያልፍ ፔንግዊን ግን ገብቶ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎብኚ ወደ ኋላው ዞር ብሎ የራሱን የእግር ጉድጓድ በበረዶ ይሞላል። ማንም ቆሞ አያመሰግነውም፤ ፔንግዊኑም አያውቅለትም። መልካም እንግዳ ግን ከቤት ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል።